ከዕቃው ዋጋ የእጅ ዋጋው በለጠ፦ የቱን ራሴ ልግጠም? (ደሴ)

ጦሳ_150፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሞተር ሳይክሌ ቦክሰር 150 ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ዕቃ ጭኖ የሚመላለስ። ሦስት ነገር ላስጨምርበት አስቤ ወኪሉ ጋራዥ ዋጋ ጠየቅኩ። የእግር መከላከያ ብረት፣ ባለ 10 ዋት ሁለት ተጨማሪ ኤልኢዲ መብራት (ክረምት ላይ ዶሮ መዝለያ ጉም ሲለብስ የራሱ መብራት አይበቃም)፣ ከዚያ ዳገት እንዲጎትት የፊት ፒኞኑን (ካቴናውን፣ ማለትም ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ትንሹን ባለ ጥርስ ጎማ) በአንድ ጥርስ ማሳነስ። ዕቃው ተደምሮ 8,200 ብር፣ የእጅ ዋጋው 9,000 ብር አሉኝ። ዋስትናው ገና አላለቀም። የቱን ራሴ ብሠራው ያዋጣል? የቱን ብነካው ጣጣ ያመጣብኛል? መፍቻ አለኝ፤ መልቲሜትር ከጎረቤት እዋሳለሁ።

ሰኞገበያ_መካኒክ፦
አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ዋጋውን በየሥራው ለይታችሁ ጻፉልኝ በላቸው። እጁ የለመደ ሰው መከላከያውን በግማሽ ሰዓት፣ ፒኞኑን ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሳል። ጊዜ የሚበላው መብራቱ ነው፤ ሽቦው በሥርዓት ይዘርጋ ከተባለ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ለሦስቱም እኩል ሦስት ሦስት ሺህ ከጻፉልህ በሰዓት የታሰበ አይደለምና ተከራከር። ሦስቱንም በአንድ ቀን የምታሠራ ከሆነ ደግሞ ወንበርና ሰልባቲዮ (የቤንዚን ታንክ) የሚነሳው አንዴ ነው፤ ደጋግመው ሊያስቡብህ አይገባም።

መከላከያውን ራስህ ግጠመው። አብዛኛው ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚይዘውን ቡሎን ተጋርቶ ስለሚታሰር ከሞተሩ ሥር እንጨት ደግፍና ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፍታ። ሁለቱን አንድ ላይ ካወጣህ ሞተሩ ዝቅ ይልና ቀዳዳው አልገጥም ብሎ ያንገላታሃል። የብረቱ ውፍረት ስለሚጨመር የድሮው ቡሎን ሊያጥር ይችላል፤ ዳዶው ጠብቆ ሲያልቅ ቢያንስ ሁለት ጥርስ አልፎ ካልታየ፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) የተጻፈበት ረዘም ያለ ግዛ። ሁሉንም በእጅ አስገብተህ ቦታቸውን ሲይዙ ነው ማጥበቅ የሚጀመረው። አንዱን ቀድመህ ካጠበቅህ ብረቱ እንደተወጠረ ይቀርና በንዝረት ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከ20 እስከ 25፣ ባለ 10 ደግሞ ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ መልሰህ ፈትሸው።

አንድ ነገር አደራ፦ ቀዳዳው ካልገጠመ መከላከያው ይስተካከላል እንጂ ሻንሲው አይነካም። «ትንሽ ነጥብ ብየዳ ብቻ» የሚልህን እሺ አትበል። በሙቀቱ የደከመው ቦታ ጭነት ሲበዛበት ይሰነጠቃል፤ ባትሪው ሳይነቀል ከተበየደ ደግሞ ሲዲአዩም (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ሳጥን) ሬጉሌተሩም (የባትሪውን ቻርጅ ልክ የሚይዘው) ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ኮምቦልቻ_ኤሌትሪሲስታ፦
ዋስትናህን ከሁሉ በላይ አደጋ ላይ የሚጥለው መብራቱ ነው። የፋብሪካውን ሽቦ ቆርጠህ ከቀጠልክ ነገ ሬጉሌተሩ ሲበላሽ «እናንተ ነክታችሁታል» ይሉሃል፤ እውነት ለመናገር ያስኬዳቸዋል። ስለዚህ ወይ በወኪሉ አሠርተህ ደረሰኙ ላይ ምን እንደተሠራ አስጽፍ፣ ወይ ዋናውን ሽቦ ሳትቆርጥ ለብቻው መስመር ዘርጋ።

አዘረጋጉ እንዲህ ነው። ሁለት ባለ 10 ዋት 20 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ከ1.7 አምፔር አይበልጥም። ባለ አራት እግር ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ 5 አምፔር ፊውዝና 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃሃል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስተህ በፊውዙ በኩል ወደ ሪሌው 30 ቁጥር እግር፣ ከ87 ወደ መብራቶቹ፣ 85 ወደ ኔጋቲቭ፣ 86 መብራት ሲበራ ብቻ ኃይል ወደሚመጣበት ሽቦ። ፊውዙ ከባትሪው ከ15 ሳንቲ ሜትር አይራቅ፤ ከሱ በፊት ያለው ሽቦ ቢላጥ የሚያቆመው የለምና። ኔጋቲቩን ቀለም በተቀባ ሻንሲ ላይ አትሰር፤ እስከ ባትሪው ድረስ ውሰደው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መሪው አንገት አካባቢ ነው። ሽቦው ተወጥሮ ከታሰረ መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር ይፋቃል፤ ከማሰርህ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረህ ትርፍ ተውለት። መጋጠሚያውን በስታኞ ብቻ አትተወው፤ በንዝረት ስታኞው ያለቀበት ላይ ይበጠሳል። በፒንሳ የሚጨመቅ ተርሚናልና በሙቀት የሚሸበሸብ ጎማ ይሻላል፤ ናስትሮ ብቻውን ክረምቱን አይዘልቅም።

ዳገት_ወጪ፦
ስለ ፒኞኑ። ለምሳሌ ፊት 15፣ ኋላ 42 ጥርስ ከሆነ ሬሾው 2.8 ነው፤ ፊቱን 14 ስታደርገው 3.0 ይሆናል። ጉልበቱ በ7 በመቶ ይጨምራል፣ በዚያው ልክ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ኋላውን ሦስት ጥርስ እንደ መጨመር ነው፤ ግን ርካሽ። ከኮምቦልቻ ስትወጣ ማርሽ መቀነስ ይቀንስልሃል፤ ስትወርድም ሞተሩ ራሱ ይበልጥ ስለሚይዝ ፍሬንህ ብዙም አይግልም። እኔ ለዚህ መንገድ ከሦስቱ ቀድሜ የማስገባው ይህን ነው።

ካቴናው ሳይወልቅ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተህ የኋላውን ፍሬን አስረግጠህ ፒኞኑን የያዘውን ቡሎን አላላ፤ ካቴናው ከወለቀ ዘንጉ አብሮ ይዞርብሃል። ካቴናውና የኋላ ኮሮናው (የኋላው ባለ ጥርስ ጎማ) ካረጁ ሦስቱንም ባንዴ ቀይር፤ አዲስ ፒኞን በተሳበ ካቴና ቶሎ ይበላል። የመጋጠሚያው ክሊፕ ዝጉ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት ይዙር። ልልነቱ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንተን መመሪያው ላይ እየው። ሰው ወይም ጭነት እያለበትም እንዳልተወጠረ ፈትሽ፤ ባዶውን አጥብቀኸው ሲጫን ከተወጠረ የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይበላል።

የእጅ ዋጋ ላይ «ጂግለርም (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) እንቀይርልህ» ካሉህ አያስፈልግህም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል፤ እውነት ነው። ግን የደሴውን ልክ ይዘህ ወደ ባቲና ሚሌ ቆላ ብትወርድ ቤንዚን ያጥረውና ሞተሩ ይግላል። ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) እና የአየር ማጣሪያ እስካልቀየርክ ድረስ ተወው።

ጦሳ_150፦
እግዜር ይስጥልኝ። መከላከያውንና ፒኞኑን ራሴ ልሥራ፣ መብራቱን በወኪሉ ላሠራ። ሲያስረክቡኝ ምን ልፈትሽ? 86ቱንስ ከየት እንዲወስዱት ልንገራቸው?

ኮምቦልቻ_ኤሌትሪሲስታ፦
ዲሲ መሆኑ ከተለካ ከኋላ መብራት መስመር ይውሰዱት። ከፊት መብራቱ አይሁን፤ በአንዳንድ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች የፊቱ ኃይል በቀጥታ ከጄኔሬተሩ የሚመጣ ኤሲ (አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ፤ የባትሪው ግን ዲሲ ነው) ስለሆነ ሪሌው ይንጫጫል፣ መብራቱም ይርገበገባል። ለማወቅ ሞተሩን አስነስተህ የፊትና የኋላ መብራቱን ሽቦ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይም ዲሲ ላይም አድርገህ ለካ፤ ኤሲው ላይ ቮልት አሳይቶ ዲሲው ላይ 12 ያህል ካላሳየ ኤሲ ነው።

ስትረከብ ደግሞ ባትሪው ላይ ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 አካባቢ፣ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ይሁን። ከዚያ ሁሉንም መብራት አብርተህ ፍሬን ረግጠህ በመጠነኛ ጋዝ ለካ። ከ13 በታች ከወረደ ባትሪው እየተሞላ አይደለም፤ ያኔ ሁለቱንም ባለ 5 ዋት አድርጋቸው እንጂ ፊውዙን በትልቅ አትቀይር።