«ጋራንቲ» ክሩዝ፦ የክፍል ቁጥሩ መቼ ነው የሚመጣው?

ጥያቄ፦ ከማያሚ የሚነሳ የ7 ሌሊት ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ላይ ባለ በረንዳ ክፍል በጋራንቲ፣ ማለትም የክፍሉን ቁጥር የመርከብ ኩባንያው በኋላ እንዲመድብልን ይዘናል። ክፍያው አልቋል፣ 3 ሳምንት ቀርቶታል፤ አፑ ግን በክፍል ቁጥሩ ቦታ «ጂቲዋይ» ብቻ ነው የሚለው። መደወል ይጠቅማል? የሻንጣ መለያውስ ያለ ቁጥር እንዴት ይሆናል?

መልስ 1፦ «ጂቲዋይ» (GTY፣ የጋራንቲ ምህጻረ ቃል) ማለት ቦታ አላችሁ፣ ቁጥሩ ግን ገና ነው። የተገባላችሁ ቃል ደረጃው ብቻ ነው፤ ባለ በረንዳ ከከፈላችሁ ከዚያ በታች አይሰጣችሁም። ፎቁና አቅጣጫው የኩባንያው ምርጫ ነው። የሚዘገየው፣ የክፍል ቁጥር መርጠው ለሚከፍሉ ሰዎች ክፍሎቹን ስለሚያቆዩ ነው፤ ለጋራንቲ የሚደርሰው የተረፈው ነው። አንዳንዴ እስከ መነሻው ቀን ይቆያል። መደወል አያፋጥነውም።

መልስ 2፦ ኦንላይን ቼክ-ኢኑን (የመሳፈሪያ ምዝገባውን) አሁኑኑ ጨርሱ፤ ያለ ቁጥርም ይሠራል፣ ምቹ የመግቢያ ሰዓት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የሻንጣ መለያውን ግን በዋዜማው አትሙት። ቁጥሩ እስከዚያ ካልመጣ ወደቡ ላይ ለተሸካሚዎቹ ንገሯቸው፤ ባዶ መለያ አላቸው። መድኃኒትና ፓስፖርት ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ!

መልስ 3፦ አንዴ ከተመደበ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው። ከመዋኛ ገንዳው ፎቅ ሥር ከደረሳችሁ በጠዋት የወንበር ጉተታ ትሰማላችሁ፤ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ሁለት ክፍል የያዘ ቤተሰብ ጎን ለጎን እንሆናለን ብሎ አይጠብቅ። ባሕር የሚያመው ሰውማ ጋራንቲን ይተወው፤ መርከቡ መሃል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ መርጦ ይክፈል።