ሱዶኩው ሁለት መልስ አወጣብኝ፤ ለነገ ጠዋት ነው፣ ድረሱልኝ

ቲቸር ሰናይት፦ እባካችሁ ፈጠን በሉልኝ። ነገ ጠዋት ለሒሳብ ክበብ ልጆች የማድለው ሱዶኩ ነው፤ ያ ባዶ ቤቶቹ ከ1 እስከ 9 ባሉ ቁጥሮች የሚሞሉት እንቆቅልሽ። 40 ኮፒ አስደርጌ ጨርሻለሁ። ማታ ራሴ ልሞክረው ብዬ ስሠራው መጨረሻ ላይ አራት ቤት ቀረኝ። አንደኛው ረድፍ ላይ ሁለት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለት፤ ሁሉም ሁለተኛና ስምንተኛ አምድ ላይ። 4ን እና 7ን አስገባሁ፣ ልክ መጣ። ገልብጬ አስገባሁ፣ አሁንም ልክ መጣ! የትኛውን ነው መልስ የምላቸው?

ኪያ፦ ላጲስ ያዢና ከመጀመሪያው ጀምሪው። የሆነ ቦታ ተሳስተሻል።

ዘጠኝ ቤት፦ ሰያፉን አየሽው? ሰያፉ ላይም ቁጥር መደገም የለበትም።

አቤል፦ ኧረ በናትህ! የሰያፉ ሕግ ኤክስ ሱዶኩ ለሚባለው ብቻ ነው። ተራው ላይ ቁጥር መደገም የሌለበት በረድፍ፣ በአምድና በዘጠኙ ትንንሽ 3 በ3 ሳጥኖች ውስጥ ነው፤ በቃ።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ ሰናይት፣ ከሥሩ ልንገርሽ። ይህን ጨዋታ ያወጣው ሃዋርድ ጋርንስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 መጽሔት ላይ ታተመ። በ1984 ጃፓን ገባ፤ ስሙን ያገኘው እዚያ ነው። ሕጉ ሦስት ብቻ ነው። «መልሱ አንድ ይሁን» የሚል አራተኛ ሕግ የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ልክ በያቸው።

አቤል፦ ጋሽ መምህር፣ በዚህስ አልስማማም። ሦስቱ ሕግ ለሚሠራው ሰው ነው። የሚያዘጋጀው ሰው ደግሞ መልሱ አንድ ብቻ እንዲሆን ማድረግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ደብሊን ያሉ ተመራማሪዎች 16 ቁጥር ብቻ ተሰጥቶበት የሚጀምር ባለ አንድ መልስ ሱዶኩ እንደሌለ በኮምፒውተር አረጋገጡ። ዝቅተኛው 17 ነው። መልሱ ስንትም ቢሆን ግድ ባይኖረው ኖሮ 17 ምን ትርጉም አለው?

ኪያ፦ እኔ አሁንም ከመጀመሪያው ጀምሪ ነው የምለው።

ቲቸር ሰናይት፦ ኪያ፣ ሦስቴ ሠርቼዋለሁ! የተሰጡት ቁጥሮች 23 ናቸው፣ ከ17 በላይ ነው።

ማሂ፦ ግማሹን ክፍል በ4 አርሚ፣ ግማሹን በ7፤ ሁሉም ራይት ያገኛል 😄 ግን ቲቸርዬ፣ 23 መሆኑ ዋስትና አይሆንም። አራቱ ቤቶችሽ አራት ማዕዘን ሠርተው ሁለት ሳጥን ውስጥ ብቻ ናቸው። እንዲህ ሲሆን 4 እና 7 ቦታ ቢቀያየሩ ረድፉም አምዱም ሳጥኑም አይነካም። አዘጋጁ ከአራቱ በአንዱ ላይ ቁጥር መስጠት ነበረበት። ከየት ነው ያገኘሽው? በእጅሽ ነው የገለበጥሽው?

ቲቸር ሰናይት፦ አዎ፣ ከቆየ ጋዜጣ በእጄ ነው የገለበጥኩት። ጋዜጣው እናቴ ቤት ነው። አሁኑኑ ደውዬ ታናሽ ወንድሜን ላስነሳው።

ማሂ፦ የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ያንብብልሽ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። አንድ 4 ወይም 7 ዘለሽ ይሆናል። ካገኘሽው 40ውም ላይ በእስክሪብቶ ጨምሪበት፣ እንደገና ኮፒ አያስፈልግም።

ዘጠኝ ቤት፦ ቲቸር፣ ተገኘ?