የስሞግ ጉዳይ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናርቅቅ

ጸሐፊው፣ ሰኞ ማታ

ውድ የመኪና ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እሑድ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡናው በረካ ሲደርስ የተነሣው ጉዳይ ሳይቀዘቅዝ እዚህ ላስፍረው። በዚህ ዓመት የአራት አባሎቻችን መኪኖች የስሞግ፣ ማለትም የካሊፎርኒያ የጭስ ብክለት ምርመራ፣ ተራቸው ደርሷል። አራቱም ከፋብሪካ እንደ ወጡ ያሉ አይደሉም። አንዱ አባላችን ባለፈው ዙር ወድቆ፣ ምዝገባው ሳይታደስለት መኪናው ሁለት ወር ደጃፉ ላይ ተገትሮ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። እንደ አገር ቤት ቦሎ በትውውቅና በልመና የሚያልፍ ነገር አይደለም። ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ የጋራ ሐሳብ እናቅርብ። የእኔ ረቂቅ ይኸውና፦

«ማኅበሩ የፋብሪካ ዕቃዎችን እየገዛ ያስቀምጥ። ስሞግ የደረሰበት አባል ተውሶ ይግጠም፤ ሲያልፍ ፈትቶ ይመልስ።»

የእድር ድንኳንና ድስት እንደምንዋዋሰው ማለት ነው። ቅር የሚለው ካለ ይናገር።

የሱባሩው ባለቤት

እኔ እጄን አንሥቻለሁ። መኪናዬ የ2015 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ነው። ከቱርቦው ወደ ታች የሚወርደውን የጭስ ቧንቧ ካታሊቲክ ኮንቨርተር (ካታሊስት፣ ጭሱን የሚያጠራው ዕቃ) በሌለው ቀይሬዋለሁ፤ የሞተሩን ኮምፒውተር ሶፍትዌርም አስለውጫለሁ። የፋብሪካውን ቧንቧ ያን ጊዜ ቦታ ያዘብኝ ብዬ በርካሽ ሸጥኩት። ዛሬ ዋጋውን ስጠይቅ ራሴን ያዞረኛል። ድንኳኑ ይተከል!

የጋራዥ ባለሙያው

ጸሐፊያችን፣ ቅር የሚለኝስ እኔ ነኝ። በቅንነት እንዳቀረብከው አውቃለሁ፤ ግን ይህ ረቂቅ እንዲህ እንዳለ ቃለ ጉባኤ ላይ ከሰፈረ እኔ አልፈርምበትም።

የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ አንቀጽ 27156 የብክለት መቆጣጠሪያን መንቀልና ማሰናከል ይከለክላል፤ የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግም እንዲሁ። ክልከላው ለምርመራው ቀን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በጓሮው የሚያደርገው የራሱ ዕዳ ነው፤ ማኅበር ተሰብስቦ «ፈትቶ ይመልስ» ብሎ ማኅተም ሲመታበት ግን የሁላችን ይሆናል። ደግሞ ያገለገለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር በካሊፎርኒያ መሸጥም ሆነ መግጠም ክልክል ነው። ድስቱ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ካታሊስቱ ግን አይዞርም።

ሕጉን ብንተወው እንኳ ብልሃቱ አይሠራም። የ2000 ዓመተ ምርትና ከዚያ ወዲህ የሆነ የቤንዚን መኪና ዋናው ምርመራ የሚካሄደው በኮምፒውተሩ በኩል ነው። ከጁላይ 19 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ መሣሪያው የሶፍትዌሩን መለያና የማረጋገጫ ቁጥር አንብቦ ፋብሪካው ካስመዘገበው ጋር ያስተያየዋል። ካልተዛመደ፣ ጭሱ እንደ ጠበል የጠራ ቢሆን እንኳ ወደቅህ። ወይ የፋብሪካው ሶፍትዌር ይመለሳል፣ ወይ በካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የጸደቀ ይጫናል።

ሶፍትዌሩ በተመለሰ ማግስት መሮጥም አያዋጣም። የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ሲሰረዝ መኪናው በራሱ ላይ የሚያደርጋቸው የራስ ምርመራዎች ውጤትም አብሮ ይጠፋል፤ መኪናው ራሱን እንደገና እስኪፈትሽ ድረስ «አልተጠናቀቀም» ይላል። ባትሪ መንቀልም ያው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ ሌሊቱን ባትሪውን ነቅሎ፣ ክሩስኮቱ ላይ አንዲት መብራት ሳትታይ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። ሽቦውን ሰክቼ የኮምፒውተሩን ኮድ የሚያነበውን መሣሪያ፣ ማንበቢያውን፣ አሳየሁት፤ ከኦክስጅን ሴንሰር እስከ ካታሊስት አንድም የተጠናቀቀ ምርመራ የለም። «መብራቱ እኮ ጠፍቷል» አለኝ። መብራቱ የጠፋው ኮምፒውተሩ ገና ምንም ስላላየ ነው።

ከ2010 ወዲህ በተሠሩት ላይ ደግሞ በማንበቢያ የማይሰረዝ ቋሚ የስሕተት ኮድ አለ። ከጁላይ 2019 ጀምሮ ያ ኮድ ብቻውን ይጥላል። የማይጥለው፣ ኮዶቹ ከተሰረዙ ወዲህ ቢያንስ 200 ማይል ተነድቶ ሞተሩ 15 ጊዜ ከቅዝቃዜ የሞቀ ከሆነ ነው።

ገንዘብ ያዥ

ወንድሞቼ፣ እኔ ሱፐርቻርጀር (ለጉልበት ሲባል ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ዕቃ) ያለው መኪና ይዤ ሁለት ዙር አልፌያለሁ። ምሥጢር የለኝም። ዕቃውን ከመግዛቴ በፊት የቦርዱ የፈቃድ ቁጥር፣ ኢኦ የሚሉት፣ ያለው መሆኑን አየሁ። ቁጥሩ ለዚያ ለእኔ መኪና ዓመትና ሞተር የተሰጠ መሆኑንም አረጋገጥኩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለሌላ ዓመት የተፈቀደ ዕቃ ለእኔ እንዳልተፈቀደ ይቆጠራል።

ባለፈው ዙር መርማሪው ኮፋኖውን ከፍቶ በባትሪ መብራት ሲፈልግ፣ ተለጣፊው የቧንቧው ሥር ጥላ ውስጥ ነበር። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌው ነበርና ቁጥሩ ይነበባል። ያተምኩትን የፈቃድ ወረቀት ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ሰጠሁት፤ እያንዳንዱን አኃዝ በጣቱ እየተከተለ አስተያየ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሁሉም እንደዚህ ቢያመጣልኝ» አለ። በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ምስጋናዎች አንዱ ነው።

«ለእሽቅድምድም ብቻ» የሚል የታተመበት ዕቃ ግን በጎዳና ላይ ቦታ የለውም። ርካሽ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

ጋሼ ባለ ቮልሱ

ልጆቼ፣ የእኔ ቮልስ የ1974 ነች፤ 1975ና ከዚያ በፊት ለተሠራ የቤንዚን መኪና ስሞግ የለም። በሰላም እኖራለሁ። ሆኖም ለልጄ የ1989 መኪና አዝናለሁ፤ ያ ምስኪን በየሁለት ዓመቱ ጎማው በሚሽከረከርበት ሮለር ላይ ወጥቶ ከጭስ ማውጫው ይለካል። ለምን ሐሳባችን ውስጥ ለሕግ አውጪዎች የሚላክ አቤቱታ አንጨምርም? የቴሌቪዥን ኮሜዲያኑና የአሮጌ መኪና ወዳጁ ጄይ ሌኖ የደገፈው፣ 35 ዓመት የሞላቸውን ነፃ የሚያወጣ ረቂቅ በ2025 ቀርቦ ነበር አይደል?

ጸሐፊው

ቀርቦ ነበር ጋሼ፤ ኮሚቴ ላይ ቀረ። ሌኖ በአካል ቀርቦ ያላስገኘውን እኛ በሠላሳ ፊርማ እናስገኛለን ብዬ አላምንም። ቢሆንም አቤቱታው ራሱን ችሎ ይቅረብ፤ ከዚህ ጋር ከተቀላቀለ ጉባኤው ሙሉ ቀን በእሱ ያልቃል።

ረቂቄን አንሥቻለሁ። የባለሙያው ቃል አሳምኖኛል፤ በተለይ ማኅተሙ ላይ ያለው። ሁለተኛው ይኸውና፦ ማኅበሩ ዕቃ አይግዛ፤ አባላት የየራሳቸውን የፋብሪካ ዕቃ የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ይከራይ። ዕቃው ሲፈታ የባለቤቱ ስምና የሻሲ ቁጥር ይጻፍበት፤ ለሌላ ሰው አይዋስ። ኮድና የራስ ምርመራ የሚያነብ ጥሩ መሣሪያም ይገዛ።

የሱባሩው ባለቤት

እኔስ? ዕቃዬን ለሸጥኩት ድንኳኑ ፈረሰብኝ ማለት ነው።

የጋራዥ ባለሙያው

ለአንተ አዲስ የፋብሪካ ቧንቧ፣ ወይም የፈቃድ ቁጥር የተቀረጸበት አዲስ ካታሊስት ያስፈልግሃል። በሌሎች ክፍላተ ሀገር የሚሸጠውን ርካሹን አይተህ እንዳትታለል፤ እዚህ አይቆጠርም። መርማሪው ከሥር ተመልክቶ ቁጥሩን ይፈልጋል። ከካታሊስቱ ወዲያ ያለውን ማርሚታህን ግን አትንካው፤ እሱ ፈቃድ አያስፈልገውም። ድምፁን ብቻ ጠብቅ፤ ገደቡ 95 ዴሲቤል ነው። የአንተን ስሰማ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጎረቤቶችህን አስባቸዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ

ለእንዲህ ያለው አባል የብድር ሣጥን እንክፈት። ስጦታ አይሁን፤ በየወሩ እንደ እቁብ የሚመለስ፣ ደረሰኝ የሚቀርብበት፣ ፈቃድ ላለው ዕቃ ብቻ የሚውል። ለእሽቅድምድም ዕቃ አንድ ሳንቲም አላወጣም፤ ይህንን በጉባኤ ፊትም እደግመዋለሁ። የምስክር ወረቀቱን 8 ዶላር ከ25 ሳንቲምና የጣቢያውን ክፍያ ሰው ራሱ ይክፈል።

ወጣቱ ባለ ሲቪክ

አንድ ጥያቄ። የእኔ በማንበቢያው ላይ ሁሉም ተጠናቅቋል፤ የነዳጅ ትነት የራስ ምርመራው ብቻ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጠናቀቅም አለኝ። ምዝገባዬ ያልቃል፤ እንቅልፍ አጣሁ።

የጋራዥ ባለሙያው

ተኛ። ከ2000 ወዲህ ለተሠራ የቤንዚን መኪና ሳይጠናቀቅ የሚታለፈው አንድ እሱ ነው። መብራት ካልበራና ኮድ ከሌለ ሂድ።

ጸሐፊው፣ ሐሙስ

እንግዲህ ለጉባኤው የሚነበበው ይህ ነው፤ እስከ ነገ ማታ ተቃውሞ ካልመጣ እፈርምበታለሁ።

«ማኅበሩ የመደርደሪያ ኪራይና የአንድ ማንበቢያ መሣሪያ ወጪ ያጽድቅ። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ የቅድመ ምርመራ ጠዋት ይሁን፤ ስሞግ ከመድረሱ ሁለት ወር አስቀድሞ እያንዳንዱ የተሻሻለ መኪና ይቅረብ። የሚታየው የሶፍትዌሩ ሁኔታ፣ የራስ ምርመራዎቹ፣ ቋሚ ኮዶችና ኮፋኖ ሥር ያሉት የፈቃድ ቁጥሮች ይሆናሉ። አጠራጣሪ ሆኖ የተገኘ ፈቃድ ባለው ጣቢያ የሙከራ ምርመራ በራሱ ወጪ ያድርግ። የተመላሽ ብድር ሣጥን ይቋቋም፤ ፈቃድ ላለው ዕቃ ብቻ። መኪናውን ለሌላ አባል የሚሸጥም የምስክር ወረቀቱን ሻጩ እንደሚያቀርብ ይታወቅ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከየት መጣች የሚል ካለ፣ ባለፈው ክረምት ሁለት ወንድሞች በዚህ ነገር ተኳርፈው እስካሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም።

የሱባሩው ባለቤት፣ ዓርብ ሌሊት

የፋብሪካው ሶፍትዌር ተመልሷል፤ አዲሱ ቧንቧም ትናንት ገባ። ጉልበቷ ቀንሷል፤ ዳገት ላይ ቅር አለኝ። ከሥራ ስወጣ በአሥር ቁጥር አውራ ጎዳና እስከ ፖሞና ደርሼ ተመለስኩ፣ ፍጥነት ሳልቀያይር፣ እንደ ሽማግሌ። የካታሊስቱና የነዳጅ ትነቱ የራስ ምርመራዎች ቀርተዋል፤ ከኮድ ስረዛው ወዲህ የነዳሁት 88 ማይል ነው።

የጋራዥ ባለሙያው

ታንኩን አትሙላው፤ ግማሽ ላይ ይሁን። ሌሊቱን ይቀዝቅዝ፣ ጠዋት ሳታሞቀው ንዳ። ቅዳሜ ማንበቢያውን ይዤ እመጣለሁ፤ ኮፋኖውን ከፍተህ ጠብቀኝ።