ክርክር፦ ለአሜሪካ ጥቁር ገበሬዎች ካሳው በቀለም ይሁን ወይስ በበደል?

የአትላንታው፦ ትናንት እዚህ "መንግሥት ገበሬን በቀለም ለይቶ መርዳቱ ራሱ ዘረኝነት ነው" ስለተባለ ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በ1920 ጥቁር ገበሬዎች 925,000 ገደማ ነበሩ፤ በ2022ቱ ቆጠራ 42,000 አይሞሉም። የቆጠራው ዘዴ ተለዋውጧል፣ ብዙ ሰውም ወደ ከተማ ፈልሷል፤ ልዩነቱ ግን በዚህ ብቻ አይመጣም። የግብርና ሚኒስቴሩ ብድር የሚያልፈው በየካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው) ኮሚቴ በኩል ነበር፤ በደቡብ ደግሞ ኮሚቴው ለረጅም ዘመን የነጮች ብቻ ነበር። የገበሬ ልጅ የሆነ ያውቀዋል፤ ገበሬን ለመጣል "አይሆንም" ማለት አያስፈልግም፣ ማዘግየት ይበቃል። ጎጃም ውስጥ ለአባቴ ማዳበሪያው ዘግይቶ የደረሰ ዓመት በቆሎው ከወገብ ሳያልፍ ቀረ፤ ዕዳው ግን አንድ ብር አልጎደለም። ጥቁሮቹ ገበሬዎች ከከሰሱበት አንዱም ይኸው ነው፦ የእህል ዘር መግዣው ብድር የሚለቀቀው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር።

የዴንቨሩ፦ በደሉን ማን ካደ? ተከሰሱ፣ ከፈሉም። ጥቁር ገበሬዎች ሚኒስቴሩን ከሰው የደረሱበት የ1999ኙ የፒግፎርድ ስምምነት ለአብዛኞቹ ረቺዎች 50,000 ዶላር ሰጠ፤ ቀነ ገደቡ ላለፈባቸው ደግሞ በ2010 የ1.25 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት መጣ። እኔ የምቃወመው የ2021ዱን ሕግ ነው። ጥቁር፣ ላቲኖ፣ እስያዊ ወይም የአገሩ ነባር ተወላጅ ከሆንክ የእርሻ ብድርህን እስከ 120 በመቶ እንከፍላለን አሉ። እኔ ትናንት ከቦሌ ተነሥቼ መጥቼ ብድሩ ቢኖረኝ ይከፈልልኝ ነበር። ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ከነአያቱ በድህነት የኖረው ነጭ ግን ቀለሙ አስቀረው። እኔን ማን በድሎኝ ነው የምካሰው?

የዲሲዋ፦ ጋሼ፣ ስለ እኛ ያሉት እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። "ከፈሉ" የሚለውን ግን አልቀበልም። 50,000 ዶላር ደህና ትራክተር አይገዛም፤ የሄደ መሬትማ አይመልስም። በ1983 ደግሞ የሚኒስቴሩ የአድልዎ ቅሬታ መርማሪ ክፍል ተበትኖ፣ ማመልከቻው ለዓመታት ሳይመረመር ተከምሮ ቀረ። በ2021ም ገበሬዎቹ "ዕዳችሁ ይከፈላል" የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው፣ ፈርመው መልሰው ነበር። ነጮቹ ገበሬዎች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤት አገደው፣ በ2022 ኮንግረስ ራሱ ሻረው። በእጁ ደብዳቤ የያዘ ሰው ምን ይሰማዋል?

የአትላንታው፦ እኔም በዚህ ሕግ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ የእኔ ግን ሌላ ነው። ዕዳ የሚሰረዘው ዕዳ ላለበት ነው። እርሻው በሐራጅ የተሸጠበት ሰው ምን ዕዳ አለውና ይሰረዝለታል? ክፉኛ የተጎዳው ከመጀመሪያው ውጭ ቀረ። ስለዚህ የ2024ቱ መንገድ ይሻለኛል፤ በብድር አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ ያመለከተ ሁሉ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ጉዳዩ ታይቶ ከ43,000 በላይ ሰዎች 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተከፋፈሉ።

የዴንቨሩ፦ እንግዲያው ተስማምተናል። ሚኒስቴሩም በ2025 በቀለምና በፆታ መለየት አቆማለሁ ብሏል። ምን ቀረ?

የአትላንታው፦ አልተስማማንም፣ ወንድሜ። መለየቱን ማቆም አንድ ነገር ነው፤ የቆየው በደል ዛሬም የሚሠራበትን ቦታ ማየት ሌላ ነው። የውርስ መሬቱን ተመልከት። በደቡብ ብዙ ጥቁር ቤተሰብ ፍርድ ቤቱንም ጠበቃውንም ስለማያምን ያለ ኑዛዜ ሞተ፤ መሬቱ እንደ እኛ የድሮ ርስት የዘር ማንዘሩ የጋራ ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ እዚህ ነው፦ ቺካጎ ያለ አንድ የአጎት ልጅ ድርሻውን ለባዕድ ይሸጣል፣ ባዕዱ ፍርድ ቤት ሄዶ "መከፋፈል አይቻልም፣ ሁሉም ይሸጥ" ይላል፣ መሬቱ በርካሽ ሐራጅ ይወጣል። ሕጉ ላይ ቀለም የሚል ቃል የለም። ጆርጂያ በ2012 ባወጣችው ሕግ ይህን ጠበቅ አድርጋለች፤ ሌሎቹ ወራሾች በተገመተው ዋጋ ድርሻውን የመግዛት ቅድሚያ አላቸው።

የዲሲዋ፦ ርስቱን ሲያነሡ ነገሩ አሁን ገባኝ። እንዲህ ያለው ወራሽ የባለቤትነት ወረቀት ከሌለው ብድር መጠየቅስ ይችላል?

የአትላንታው፦ የ2018ቱ የእርሻ ሕግ በር ከፍቷል። እርሻውን እሱ እንደሚያስተዳድር በሌላ ማስረጃ ካሳየ የእርሻ ቁጥር፣ ማለትም ሚኒስቴሩ እርሻውን የሚመዘግብበትን መለያ፣ ያገኛል፣ በእሱም ወደ ድጋፎቹ ይገባል። ይህን ሄዶ የሚነግራቸው ሰው ግን በየካውንቲው ቢሮ መኖር አለበት፤ ለእሱ በጀት ይመደብ ነው የምለው።