ጡቴ ውስጥ ሲሊኮን አለ፤ ልጄን ማጥባት እችል ይሆን?

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር፣ አዲስ አበባ

እህቶቼ፣ እንደምን አላችሁ? 33 ዓመቴ ነው፤ የበኩር ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ኢስታንቡል ሄጄ ጡቴ ውስጥ ሲሊኮን አስገብቻለሁ። ይህን የሚያውቁት ባለቤቴና አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ናቸው። የእርግዝና ክትትል ስጀምር ሐኪሟ ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። “የለም” አልኋት። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

አሁን ጡቶቼ አብጠው ቆዳው ይወጥረኛል፤ ሌሊት ከእንቅልፌ እየባነንሁ ሦስት ነገር አሰላስላለሁ። ሲሊኮኑ ከወተቱ ጋር ወደ ልጄ ይገባል? ልጁ ሲጠባ ይፈነዳ ይሆን? ደግሞስ ወተት ይኖረኛል? ጠባሳዬ በጡቴ ጫፍ ዙሪያ ባለው ጥቁር ክብ ጠርዝ ላይ ነው፣ በታችኛው ግማሽ በኩል። የግራው ጫፍ እስከ ዛሬ ድንዝዝ ነው፤ ቢቆነጥጡኝም ብዙ አይሰማኝም።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። እኔም ሲሊኮን ይዤ ሁለት ልጆች አጥብቻለሁ፤ የመጀመሪያዋን 14 ወር፣ ሁለተኛውን ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው እስኪተው ድረስ። ብቻ የእኔ የተቀደደው ከጡቴ ሥር፣ ጡቱ ከደረት በሚገናኝበት እጥፋት ላይ ነው። ሲሊኮኑም ከደረት ጡንቻ ኋላ ነው ያለው። ስለዚህ የእኔን ዕድል እንዳለ አንሥቼ ላንቺ አልሰጥሽም።

ማንም ሳይነግረኝ የደረሰብኝን ግን ልንገርሽ። በሦስተኛው ሌሊት ወተቱ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ጡቴ ድንጋይ ሆነ። ውስጡ አስቀድሞ በሲሊኮን የተያዘ ስለሆነ ወተቱ የሚዘረጋበት ቦታ ጠበበው መሰለኝ፤ አንሶላው ሲነካኝ እንኳ አለቅስ ነበር። ልጄ አፏን ከፍታ ትመጣለች፣ ጫፉ ተወጥሮ ጠፍጣፋ ስለሆነ ያዳልጣታል፣ ትጮኻለች፣ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ መጥታ ጣቶቿን በጫፉ ዙሪያ አሳረፈችና ወደ ደረቴ ገፋ አድርጋ አንድ ደቂቃ ያህል ያዘችው። ሲለቀቅ ጥቁሩ ክብ እንደ ሊጥ ለስልሶ ነበር። ከዚያ በእጇ ትንሽ አልባ ልጄን አስጠጋቻት፤ ወዲያው ያዘች። ያንን ዘዴ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ አሁኑኑ ተለማመዱት።

በማጥቢያዎቹ መካከል ቀዝቃዛ ፎጣ ያስታግሳል። በማለቢያ ማሽን እስኪደርቅ አትለቢ፤ ሰውነትሽ ልጁ የጠባው መስሎት የባሰ ያመርታል።

መልስ፦ ስሟን ያልጻፈች

ለቁንጅና ብሎ ገላውን ያስቆረጠ ሰው አሁን ስለ ልጁ ቢጨነቅ ምን ይገርማል? ጡጦ ስጪና ተገላገይ።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ፣ አዲስ አበባ

ከላይ ለጻፍሽው እህት፦ የጡት ካንሰር ታክመው ሲሊኮን ያስገቡ ሴቶች አሉ፣ ሲወለዱ ጀምሮ አንዱ ጡታቸው ያላደገም አሉ። ለቁንጅና ያደረገችውም ብትሆን የምጠይቃት ጠባሳዋ የት እንደሆነ እንጂ ለምን እንዳደረገችው አይደለም።

ጠያቂያችን ሆይ፣ የመጀመሪያው ጭንቀትሽ ከሁሉም የቀለለው ነው። የቶሮንቶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በእናቶች ወተት ውስጥ ያለውን ሲሊከን ለክተዋል፤ ሲሊከን ማለት ሲሊኮን የሚሠራበት፣ በአሸዋም በምግብም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። ሲሊኮን ባስገቡት እናቶች ወተት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 55 ናኖ ግራም ገደማ፣ ባላስገቡት 51 ገደማ ተገኘ። ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። በላም ወተት 700 ገደማ፣ በሕፃናት የዱቄት ወተት ደግሞ ከ4,000 በላይ ነበር። እንግዲህ ሲሊኮንን ፈርቶ ወደ ጡጦ መሸሽ ዝናብ ሸሽቶ ወንዝ መግባት ነው።

ስለ መፈንዳቱም አትስጊ። ሲሊኮኑ ያለው ከወተት እጢዎቹ ኋላ ነው፤ ልጁ የሚስበው ጫፉንና ጥቁሩን ክብ ነው፣ ጉልበቱ እዚያ አይደርስም። ጡትሽ ቅርጹን ቢለውጥ ወይም እንግዳ እብጠት ቢታይሽ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ እርሱም ለነፍሰ ጡር ጉዳት የለውም።

ቁም ነገሩ ሦስተኛው ጥያቄሽ ላይ ነው። በጫፉ ዙሪያ ሲቀደድ የወተት ቱቦዎችና ለጫፉ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ሊቆረጡ ይችላሉ። ከጡት ሥር ወይም በብብት በኩል የተሠራላቸው ይህ አደጋ ያንስባቸዋል። ነርቩ መልእክተኛ ነው፤ ልጁ ሲጠባ ለአንጎል ይናገራል፣ አንጎልም ወተት የሚያመርተውንና ወተት የሚያወርደውን ሆርሞን ይለቃል። ድንዝዝ ጫፍ ማለት መልእክቱ ደክሞ የሚደርስበት ጡት ነው። ይሁን እንጂ ነርቭ በጊዜ ብዛት ሊያገግም ይችላል፣ አምስት ዓመት ደግሞ ጥቂት አይደለም፤ ቀኙም ስሜት አለው። ስለዚህ ወተት አይኖርሽም አልልሽም፤ ይበቃል ብዬም ከወዲሁ አልምልልሽም።

የሚበቃ መሆኑን የምታውቂው ከልጁ ነው፤ የጡትሽ መጠን አይነግርሽም። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ አስጠጊው። እንገሩን አታፍስሺ፤ ጥቂት ጠብታ ቢሆንም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ቅቤ ማላስ፣ የስኳር ውኃ ማጠጣት የሚሉ ቢመጡ አመስግነሽ አሳልፊያቸው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፣ ሲውጥ ድምፁን ስሚ። ከአምስተኛው ቀን ወዲህ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ በሽንት የራሰ ዳይፐር ልታገኚ ይገባል። ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀነሱ የተለመደ ነው፤ ከተወለደበት 10 በመቶ ካለፈ ግን ቀን ሳታሳድሪ አሳዪው። በሁለት ሳምንት ገደማ የልደት ክብደቱን ሊመልስ ይገባል።

ሐኪምሽ የግድ ማወቅ አለባት። ካላወቀች ልጁ ሲከሳ ምክንያቱን ፍለጋ ቀናት ታባክናለች፣ ጡትሽ ቢመረቅዝም መርፌ ስትሰድ ሲሊኮኑን ልትወጋው ትችላለች። ለብቻሽ ልታነጋግርሽ ጠይቂ፤ አማትሽ ውጪ ቢጠብቁ ነውር የለበትም። ከወለድሽ በኋላ አንዱ ጡትሽ ቀልቶ ቢያተኩስና ትኩሳት ቢይዝሽ ማጥባቱን ሳታቋርጪ በዚያው ቀን ታከሚ።

መልስ፦ ከሐዋሳ

እኔ ሙሉ በሙሉ አልተሳካልኝም፤ ምክንያቱ ግን ሲሊኮኑ አልነበረም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ጡቶቼ ትንንሽ ብቻ ሳይሆኑ የተራራቁና መጠናቸውም የተለያየ ነበር። ሳረግዝም ምንም አልጨመሩም። በኋላ እንደተነገረኝ ከመጀመሪያውም የወተት እጢዬ ጥቂት ነበር፤ ሲሊኮኑ ሸፈነው እንጂ አላመጣውም። አንቺ በእርግዝናሽ ጡትሽ አብጧልና ደስ የሚል ምልክት ነው።

ልጄ 3.1 ኪሎ ተወልዶ በአምስተኛው ቀን 2.75 ሆነ። ሚዛኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ ጉልበቴ ከዳኝ። ደግነቱ የገጠመችኝ ባለሙያ ጡጦ ስጪ ብላ አላሰናበተችኝም። ቀጭን ቱቦ በጫፉ አጠገብ በፕላስተር ለጠፈች፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ የዱቄት ወተት በያዘ ኩባያ ውስጥ ነከረችው። ልጁ ጡቴን ሲስብ የእኔም የኩባያውም ወተት አብሮ ይመጣል፤ ጡቱም መጠባቱን አያጣም። እንዲህ እያደረግሁ ሰባት ወር ዘለቅሁ። አራስ ጠያቂ ሲመጣ ቱቦውን በነጠላዬ እሸፍነው ነበር።

አብሽ በየቀኑ ጠጥቻለሁ። ላቤና የልጁ ሽንት ሳይቀር አብሽ አብሽ ይሸት ነበር። ወተቴ የጨመረው ግን አዘውትሬ ሳጠባ ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ስለ አብሽ ስትጽፊ አስታወስሽኝ፤ አማቴ ከአሁኑ እያዘጋጁ ነው። ልጀምር? ደግሞ ጡቴ ከማጥባት በኋላ ቢወድቅ ሲሊኮኑን መቼ ማስቀየር ይቻላል?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

በወጥ ውስጥ ያለ አብሽ ችግር የለውም፤ ነፍሰ ጡር ሆነሽ በብዛት መጠጣቱን ግን ተዪው። ከወለድሽም በኋላ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሪ አትጀምሪ። ለማስቀየሩ አትቸኩዪ፤ ጡቱ ወተት አቁሞ ቅርጹ እስኪረጋ ልጁን ካስተውሽ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ጠብቂ። የቀዶ ጥገናው ቀን የሰጡሽን፣ የሲሊኮኑ ዓይነትና ቁጥር ያለበትን ካርድ ፈልገሽ አስቀምጪ፤ ያኔ ያስፈልግሻል።

ጠያቂዋ

ከወለድሁ 12 ቀን ሆነኝ። ወንድ ልጅ ነው፣ 3.2 ኪሎ ተወለደ። በአምስተኛው ቀን 2.95 ነበር፣ ዛሬ ጠዋት 3.25። ቀኙ ስታለብ 60 ሚሊ ሊትር ሲሰጥ ግራው 15 አይሞላም፤ ስለዚህ ከግራው እጀምርና በቀኙ አጠግበዋለሁ፣ ማታ ማታ በኩባያ ትንሽ እጨምርለታለሁ። ለሐኪሟ ነግሬያታለሁ፤ ካርዴ ላይ ጽፋ ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

አማቴ ግን በስምንተኛው ቀን ገላዬን ሲያጥቡኝ ጠባሳውን አዩት። ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው “ግራው ሰነፍ ነው አይደል? የእኔም ቀኙ እንዲሁ ነበር” አሉኝና ገንፎውን ሊያመጡ ወጡ።