የፈረንሳይ ወይን ላይ የፍሬው ዝርያ ለምን አይጻፍም?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ሰዎች። እዚህ ከዚራ አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ነው የምሠራው። የደቡብ አፍሪካ ወይን ጠጅ አያስቸግረኝም፤ ሻርዶኔ ወይም ሜርሎ ብሎ የፍሬውን ዝርያ ፊት ለፊት ይጽፋል። የፈረንሳዩ ግን አንዱ «ሻብሊ»፣ አንዱ «ቦርዶ»፣ አንዱ «ፔይ ዶክ» ይላል። እንግዳ ሻርዶኔ ሲጠይቀኝ የቱን ላውጣ?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ሻብሊውን አውጣለት። ሻብሊ የሚሠራው ከሻርዶኔ ብቻ ነው፤ ሕጉ ሌላ አይፈቅድም። ለዚህ ነው ቦታውን ጽፈው ዝርያውን የሚተዉት። ቀይ ቦርዶ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሜርሎና ካበርኔ የሚባሉት ዝርያዎች ቅልቅል ነው።

እኔ ሺመንደፈር ስሠራ ፈረንሳይኛ የለመድኩት ከጭነት ወረቀት ነው፤ የወይኑንም ወረቀት እንደዚያው ነው የማነበው። «ኣ ኦ ሴ» (AOC) ወይም «ኣ ኦ ፔ» (AOP)፣ ማለትም በሕግ የተጠበቀ የትውልድ ቦታ ስም፣ ካለ ክልሉ፣ ዝርያው፣ ከአንድ ሄክታር የሚሰበሰበው ሁሉ ተወስኗል። ሥርዓቱ በፈረንጆች 1935 የቆመው በዝነኛ ቦታ ስም ተራ ወይን የሚሸጥ ስለበዛ ነው። «ኢ ጄ ፔ» (IGP) ሰፋ ያለ አካባቢ ነው፣ ሕጉም ላላ ይላል። ፔይ ዶክህ እዚህ ይገባል፤ ጀርባውን አገላብጠው፣ ዝርያው ሳይጻፍ አይቀርም። «ቫን ደ ፍራንስ» ከሁሉም ልቅ ነው፣ ከየትኛውም የፈረንሳይ ማሳ ሊሆን ይችላል።

ፊደሉ የሚመሰክረው ግን ስለ ትውልድ ቦታውና ስለ አሠራሩ ብቻ ነው። በድሬ ሙቀት መደርደሪያ ላይ የከረመን ወይን ኣ ኦ ሴ አያድነውም።

የጀጎሏ፦
የሐረር ቡና ከሌላ ቦታ ከመጣ ሐረር አይባልም እንደማለት ነዋ፣ አቦ! ጋሼ፣ «ግራን ክሩ» የሚለውንስ ቢያስረዱን? ዋጋውን የሚሰቅለው እሱ መሰለኝ።

ጡረተኛው፦
እሱ እንደ አገሩ ነው የኔ ልጅ። ቦርዶ ውስጥ በዋናነት በ1855 ለፓሪስ ኤግዚቢሽን ደረጃ የወጣላቸው ሻቶዎች፣ ማለትም አምራቾቹ ናቸው፤ ቀዮቹን የሚሠሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሜዶክ ከሚባለው የቦርዶ አካባቢ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ብዙም አልተነካም፤ ከሻቶዎቹ አንዱ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማለፉ ትልቅ ወሬ ነበር። ቡርጎኝ በሚባለው ሌላ የፈረንሳይ የወይን አገር ግን ደረጃ የሚሰጠው ለመሬቱ ነው። መጀመሪያ አውራጃው፣ ከዚያ መንደሩ፣ ከዚያ ፕሪሚየ ክሩ፣ ከላይ ግራን ክሩ።

እዚህ ላይ ነው ተንኮሉ። ሻምበርታን ግራን ክሩ የሆነ ማሳ ነው። አጠገቡ ያለው የዠቭሬ መንደር በ1847 የማሳውን ስም ከራሱ ስም ጋር ቀጠለና ዠቭሬ-ሻምበርታን ተባለ። ስሙ ረዘመ እንጂ ደረጃው የመንደር ነው። አንተ የከዚራው፣ አቅራቢ ዠቭሬ-ሻምበርታንን በሻምበርታን ዋጋ ካመጣልህ እንዳትፈርምለት።