የኤምፒአይ ፕሮግራም በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ሲነሳ ቆሞ ይቀራል
በሊኑክስ ላይ በኦፕን ኤምፒአይ (ጎን ለጎን የሚሠሩ ፕሮሰሶች መልእክት እንዲለዋወጡ የሚያስችለው የኤምፒአይ ደንብ አንዱ ሶፍትዌር) የጻፍኩት የሲ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ በ4 ፕሮሰሶች ያለ ችግር ይሠራል፤ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ስጨምር ግን ሁሉም ፕሮሰሶች ተነስተው መለያ ቁጥራቸውን ካተሙ በኋላ፣ የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ ምንም ስህተት ሳያሳይ ቆሞ ይቀራል። ኤስኤስኤች (ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በርቀት መግቢያው) ያለ ይለፍ ቃል ይገባል፤ የኦፕን ኤምፒአይ ስሪቱም በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ፕሮሰሶችን በሚያስነሳው በኤምፒአይረን፣ የኮምፒውተሩን ስም የሚያትመውን የ«ሆስትኔም» ትእዛዝ ሳስነሳ የሁለቱም ስም ይወጣል (ይህ ግን ማስነሳቱን እንጂ የመልእክት ልውውጡን አይፈትሽም)። የምጠረጥረው ለኮንቴይነሮች (ተነጥለው ለሚሠሩ የፕሮግራም ጥቅሎች) የተፈጠረውን፣ በሁለቱም ላይ አድራሻው 172.17.0.1 የሆነውን ምናባዊ የኔትወርክ በይነገጽ ነው፤ ፕሮሰሶቹ በእሱ በኩል ለመገናኘት የሚሞክሩ ይመስለኛል። ልውውጡ በእውነተኛው የኔትወርክ ካርድ ብቻ እንዲያልፍ የሚያስገድደውን አማራጭ፣ እንዲሁም ፋየርዎሉን ሳላጠፋ ፖርቶቹን በተወሰነ ክልል የምገድብበትን መንገድ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።